በግምት የተመለሰ ድንጋይ

ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለልጄ አለቃ፣

ደህና መሆንዎን የካምፓችሁ ሹፌር ነግሮኛል፤ ስለዚህ ጤናዎን በመጠየቅ ወረቀት አልጨርስም። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ሌላውን አይጠይቁኝ።

ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው፤ ዕቃው በደህና ደርሷል። ጫማው፣ የዝናብ ካፖርቱ፣ ሁለት ሱሪ፣ መላጫው። ጫማውን አላጠብኩትም። የተራራው ጭቃ ደርቆ እየተፈረፈረ በሩ ሥር ይወድቃል፤ ጠርጌ በጣሳ አጠራቅመዋለሁ። ጎረቤቴ አየችኝና «አንቺ ደግሞ ከልጅሽ ጭቃ ወርቅ ልታወጪ ነው?» አለችኝ። ወንዙ ልጄን ከወሰደው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ በመሳቄ አፍሬ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ለድንጋይ ናሙና የሚሆኑ ሁለት መቶ ከረጢቶች ሰፍቼ፣ አጥፌ፣ አስሬ ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ግን «ከእንግዲህ አይስፉ ብለዋል» የሚል መልእክት ይዞልኝ መጣ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ስፌቴ ተተርትሮ ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩኝ። ይህን ሥራ ያስያዘኝ ልጄ ነው፤ እንዴት እንደሚሰፋ ያሳየኝም እሱ ነው። «እማ፣ ከመሬት ሆድ የምናወጣው ድንጋይ ሜትር በሜትር ለየብቻው ታስሮ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የአንዱ ዱቄት ወደ ሌላው ከገባ ሥራችን ሁሉ ውሸት ይሆናል» ይለኝ ነበር። ስለዚህ በሁለት መስመር ሳልሰፋ ያሳለፍኩት ከረጢት የለም። ቢሆንም ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዱም አላመለጠኝም ብዬ አልምልም።

እጄ ቶሎ አይጽፍም። ለዚህች ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጽሕፈቴን ችለው ያንብቡልኝ።

እናንተ ቀጮ የምትሉት ልጅ እናት


ጥቅምት 21 ቀን

እናቴ፣

መጀመሪያ አንድ ልመና። አንቱ አይበሉኝ። ቀጮን የምበልጠው በአራት ዓመት ብቻ ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ አንቱ የሚለኝ ሰው ምግብ አብሳዩ ብቻ ነው፤ እሱም ተጨማሪ ዱቄት እንዳስመጣለት ሲፈልግ ነው።

ከረጢቶችዎ አንድም አልተተረተሩም። በዚህ በኩል ልብዎ ይረፍ። ሥራው የቆመው ዝናቡ መንገዱን ስለሰበረው ነው፤ ሲጠገን እንቀጥላለን።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ቀጮ የዕለት ሥራውን በእርሳስ የሚጽፍባቸው አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው ደብተሮች ነበሩት። ያለፉት ወራት ደብተሮች ቢሮዬ አሉ። የሐምሌዋ የለችም። ዕቃውን ሲሰበስቡ ተደባልቃ መጥታ ይሆን? እስቲ ሻንጣውን ደግመው ይዩልኝ።

ስለ እሱ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። ጀመርኩና ቀደድኩት። ወንዙ በወሰደው ጊዜ እኔ ለስብሰባ ዋናው ቢሮ ወርጄ ነበር። ስመለስ ዕቃው ተሰብስቦ ድንኳኑ ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባበትም።

የካምፑ አለቃ
(ልጅዎ ግን «ጋሽ ድንጋይ» ነበር የሚለኝ)


ኅዳር 5 ቀን

ልጄ ጋሽ ድንጋይ፣

እሺ፣ አንተ እልሃለሁ። ሲከብደኝ ወደ አንቱ ብመለስ አትቀየመኝ።

ስለ ደብተሯ ጠይቀኸኛል። ሻንጣው ትንሽ ነው። ጫማው ግማሹን ይዞት ነበር የመጣው። ካፖርቱ ደግሞ እርጥቡን ስለታጠፈ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ሰቅዬው ሰነበተ። በአንዱ ኪሱ ሁለት ከረሜላና ቁራጭ ሲባጎ ነበር። ከረሜላ እንደሚወድ ታውቅ ነበር? በዚያ ዕድሜው።

ዝናብ ብለኸኛል። ልጄ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነው። ልብስ ሰፊ ሴት ስለ ዝናብ አትዋሽም፣ አይዋሽባትምም፤ ጨርቄን አርሼ የማሰጣው በየቀኑ ሰማይ አይቼ ነው።

ሹፌራችሁን ሬዲዮ ያላችሁት ያለምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት መንገዳችን ጥግ ላይ ካለው ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደተቀባ፣ «ተራራው ላይ ተገኘ የተባለው ወርቅ የውሸት ነው። ከረጢቱ ውስጥ የነሰነሰ ሰው አለ» ብሎ አውርቷል። ማን ነው ቢሉት «የሞተ ሰው ምን መልስ ይሰጣል» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ አሉ። የጎረቤቴ ባል ተራ ይጠብቅ ነበር። ለሚስቱ ነገራት፣ እሷም ልብስ ስናሰጣ ለእኔ። ከዚያ ወዲህ በፀጉር ቤቱ በኩል አላልፍም። ገበያ የምሄደው በጀርባ በኩል፣ በቦዩ ዳር ነው።

ከሬዲዮ ከምሰማ ካንተ ልስማ። ልጄን ምን ብለውታል? የደበቃችሁኝን ነገር ስፌት ላይ ሆኜ እኔው እጨምርበታለሁ፤ ከእውነቱ የባሰ ይሆናል።

የቀጮ እናት


ኅዳር 19 ቀን

እናቴ፣

ዋሽቻለሁ። መንገዱ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆፍረን የምናወጣው ድንጋይ እንደ ዱላ ክብ ሆኖ ይወጣል። ቁመቱን ተከትለን በመጋዝ ለሁለት እንሰነጥቀዋለን። ግማሹ በእርስዎ ከረጢት ታስሮ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ግማሹ በእንጨት ሣጥን ተደርድሮ፣ ከስንተኛው ሜትር እንደወጣ ተጽፎበት፣ ለምስክርነት እዚሁ ይቀመጣል። በሰኔ ከቆፈርነው ጉድጓድ ላቦራቶሪው በሦስት ሜትር ድንጋይ ውስጥ ጥሩ ወርቅ አገኘ። ጥሩ ስልዎ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሙሉ ድንጋይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማለቴ ነው፤ በዓይን አይታይም። ያችም ብትሆን ለእኛ ሥራ ትልቅ ተስፋ ናት።

በመስከረም ከዋናው ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። የእነዚያኑ ሦስት ሜትሮች ቀሪ ግማሽ ከሣጥኑ ወስዶ በሌላ ላቦራቶሪ አስመረመረ። ምንም የለበትም። የአንዱ ድንጋይ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ባዶ። እንዲህ ሲሆን በእኛ ሥራ ሰው ቶሎ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከረጢቱ ከመታሰሩ በፊት ወርቅ ተነስንሶበታል። የሁሉንም ከረጢት ቋጠሮ ያሰረው ደግሞ ቀጮ ነው። ሪፖርቱ ጥር ውስጥ ይጻፋል። እስከዚያ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ አጭበርባሪ ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ካምፑም ይዘጋል፤ አርባ ሰው ዕቃውን ሸክፎ ይወርዳል።

ሌላም አለ፤ ይህ ከሁሉ ይከብደኛል። ተቆጣጣሪው «ልጁ ያደርገዋል ብለህ ታስባለህ?» ሲለኝ፣ አያደርገውም ማለት ነበረብኝ። «አላውቅም» አልኩ። ናሙናዎቹ በተላኩበት ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ስለሆነ ፈራሁ። ያችን አንዲት ቃል ወደ አፌ ብመልሳት እያልኩ ነው የምውለው።

ጋሽ ድንጋይ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ልጄ፣

ደብተሯ እኔ ዘንድ ናት።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ ዘንድ ነበረች። በላስቲክ ተጠቅልላ ካፖርቱ ውስጥ መጣች። አሁን የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ናት። ስትጠይቀኝ ስለ ከረሜላ ያወራሁልህ ለዚህ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አልገፋም፤ የእሱ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ዕለት ዕለት ሥራዬን ስጨርስ አንድ ገጽ አነብ ነበር። ከልጄ ጋር ተቀምጦ የማውራት ያህል ነበር። ሐምሌ 19 ላይ ስደርስ ግን አቆምኩ። ወንዙ የወሰደው ሐምሌ 24 ነው፤ መካከል ላይ አራት ገጽ አለ። አልገለጥኩትም። ያቆምኩበትን ገጽ እንዳለ ገልብጬልሃለሁ፦

«ሐምሌ 19። ዝናብ። የመጋዘኑ ጣሪያ ስላፈሰሰ ሣጥኖቹን በበቅሎ ወደ ላይኛው መጋዘን አዛወርን። ጥቁሯ በቅሎ ተንሸራታ ሦስት ሣጥን ቁልቁል ተበተነ፤ 31፣ 32፣ 33። እኔና የበቅሎው ሰውዬ እስከ አሥር ሰዓት ለቀምን። ስብራቱን ከስብራቱ እያጋጠምኩ መለስኩ። ያልገጠመውን በግምት መለስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጭነቱን አጥብቄ ማሰር ነበረብኝ። አለቃ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። በገዛ እጁ። አንተ ብትሆን ምን ታስብ ነበር? ስለ መሬት ሆድ አላውቅም፤ ጥፋት ምን እንደሚያስከትል ግን አውቃለሁ። ይህን ወረቀት ያገኘ ሁሉ «ይኸው፣ አመነ» ይላል አልኩ። የሬዲዮን ወሬ ከሰማሁ በኋላማ ላቃጥላት ሁለት ጊዜ ክብሪት ጭሬያለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ከጽሕፈቱ ሌላ ምን ቀረኝ?

ያንተን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ፈርተህ ያልከውን ሳትደብቅ ነግረኸኛል፤ እኔም ፈርቼ የደበቅኩትን ልንገርህ ብዬ ነው። ሣጥን ጣለ ይበሉት፣ ግድ የለም። አጭበረበረ አይበሉት። ይህ ገጽ የባሰ የሚጎዳው ከሆነ ግን ለእኔ ስትል ዝም በል። ከእንግዲህ በአንተ እጅ ነው።

እናቱ


ታኅሣሥ 10 ቀን

እናቴ፣

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው በር ላይ እየጠበቀኝ ነው።

አያቃጥሏት። ወርቅ የተገኘባቸው ሦስት ሜትሮች ቦታቸው ሣጥን 32 ነው። ሣጥን 32 ወድቆ ከነበረ ተቆጣጣሪው ከዚያ ያነሳው ድንጋይ የሌላ ሣጥን ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ እንኳን እሱ እኔም በዓይኔ አልለየውም። ለላቦራቶሪው የሄደው ግማሽ ደግሞ ከመውደቁ ከሦስት ሳምንት በፊት ታስሮ ወርዷል። ልጅዎ የጻፈው ኑዛዜ አይደለም እናቴ። እኛ ሦስት ወር ስንፈልገው የነበረውን መልስ ነው የጻፈው።

የበቅሎዎቹን ባለቤት ከመንደሩ አስጠራሁት። ገና ጠይቄው ሳልጨርስ «ጥቁሯን ነው? አዎ ወደቀች። ጉልበቷ ተልጦ ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታች» አለኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?» ስለው «ስለ በቅሎ የጠየቀኝ ሰው አለ?» አለ። እውነቱን ነው። ሁላችንም ስለ ወርቅ ነበር የምንጠይቀው።

የሦስቱንም ሣጥኖች ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር አስመረምራለሁ። ወርቁ እውነት ከሆነ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ የሆነ ቦታ ይገኛል። ከእንግዲህ አልዋሽዎትም፤ ከሌለ ደብተሯም አታድነውም። ተቆጣጣሪው ግልባጭ አይቀበልም፤ ራሷን ማየት አለበት። እንደሚከብድዎ አውቃለሁ።

ጋሽ ድንጋይ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ጋሽ ድንጋይ፣

አዎ፣ ሙሉዋን ልኬያለሁ። ገጹን ብቻ ልቁረጥ ብዬ መቀስ አንስቼ ነበር፤ ግን ተቆርጦ የመጣ ገጽ ማን ያምናል?

ከከረጢቶቼ በአንዱ ውስጥ አድርጌ አፉን በሰማያዊ ክር በሁለት መስመር ሰፍቼዋለሁ። ሬዲዮ መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነብ መልሶ እንደ እኔ መስፋት አይችልም፤ ታውቅበታለህ። ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኩት። «እማማ፣ እኔን ማን አደረጉኝ?» አለ። «ሬዲዮ» አልኩት። ከረጢቱን ከወንበሩ ሥር ሳይሆን ደረቱ ውስጥ ከተተው።

ያልከውን ተረድቻለሁ። ከሌለ የለም። ወርቅ ይኑር ብዬ ስለምን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ በልጅነቴ እንኳ ለጆሮዬ ለምኜ አላውቅም።

መሳቢያው ባዶ ነው። እጄ ልማድ ሆኖበት ሄዶ ይከፍተዋል።

እናቱ


ጥር 18 ቀን

እናቴ፣

ወርቁ አለ።

ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት እንዳይጨነቁ ነው። አሁን ተቀምጠው ቀስ ብለው ያንብቡ። አብዛኛው ሣጥን 33 ውስጥ ተገኘ፤ የቀረው 31 ውስጥ። መጠኑ መጀመሪያ ከተገኘው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ተቆጣጣሪው ራሱ ቁርጥራጮቹን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደ ተሰበረ ሳህን ሲያጋጥማቸው ዋለ። ወደ ማምሻው መነጽሩን አወለቀና «እኔ ደረቅ ክፍል ውስጥ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ይህ ልጅ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ከግማሽ በላይ በትክክል አጋጥሟል» አለ። ይህ ሰው ሰው ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም።

ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ፦ «የናሙናዎቹ አያያዝ ትክክል ነበር። ልዩነቱ የመጣው ሣጥኖቹ ከወደቁ በኋላ ድንጋዮቹ ቦታ በመለዋወጣቸው ነው። ሠራተኛው ይህንኑ በዕለቱ በታማኝነት መዝግቧል።» እኔም ከሥሩ አንድ መስመር አስጨምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ስጠየቅ «አላውቅም» ያልኩት ስህተት እንደነበር፣ ልጁን አውቀው እንደነበር።

ተራራው ምን ይሆናል ብለው በሬዲዮ በኩል ጠይቀውኛል። አንድ ጉድጓድ ማዕድን አይባልም። በዚህ በጋ ስድስት ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ከስድስቱ አምስቱ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስድስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። የመንደሩ ሰዎች ከአሁኑ የአስፋልት መንገድና ክሊኒክ እያለሙ ነው። እኔ «ገና ነው» እያልኩ የሁሉም ጠላት ሆኛለሁ። ነገር ግን ካምፑ አልተዘጋም፣ ከረጢትም ያስፈልገናል። ወንዙ ላይ ደግሞ የብረት ድልድይ ሳይቆም አንድ ሰው እንዳይሻገር አስፈርሜያለሁ። ብረቱ ትናንት መጣ። ዘግይቷል፤ ማወቁን አውቀዋለሁ።

ደብተሯን መልሻለሁ። ቢሮው የአንዱን ገጽ ፎቶ ብቻ አስቀረ። የከረጢቱን አፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አይተው አይሳቁብኝ።

ጋሽ ድንጋይ


የካቲት 2 ቀን

ልጄ፣

ስቄብሃለሁ። አንተ ድንጋይህን ያዝ፤ መርፌ ለሌላ ሰው ተው።

ወረቀትህን ያመጣው ሬዲዮ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ምን ይላል እማማ?» አለ። ሪፖርቱ ጋ ስደርስ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ክፉ ነገር መስሎት ሮጦ ውኃ አመጣልኝ። ጠጥቼ ወረቀቱን ሰጠሁትና ጮክ ብለህ አንብብ አልኩት። አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

«ለሰው ሁሉ እነግራለሁ እማማ» አለኝ።

«ለሰው ሁሉ አይደለም» አልኩት። «ያንን ያወራህበት ፀጉር ቤት ሄደህ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ንገር።»

«ትናንት ተላጭቻለሁ እኮ።»

«ደግመህ ተላጭ።»

ተከትዬው ሄድኩ፣ በዋናው መንገድ። ሦስት ወር በቦዩ ዳር ስሄድ ከርሜ መንገዱ ሰፍቶ ታየኝ። አልገባሁም፤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳሙናውን ተቀብቶ ነገራቸው። እንዲያውም አሳምሮ። በቅሎዋን ሁለት አደረጋት፣ ገደሉን አረዘመው፣ ልጄን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ውስጥ አቆመው። አላረምኩትም። እስከዛሬ በክፉው ሲጨምርበት የኖረ ሰው በደጉም ቢጨምርበት ምን አለበት። ፀጉር ቆራጩ ምላጩን አስቀምጦ ወጣ፤ እጁን በፎጣው ጠርጎ ጨበጠኝ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቆረጥኩት ልጅ ነው። ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ። «ተራህን ጠብቅ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙዎች ይቀድሙሃል» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ በዚህኛው አላፈርኩም።

አንተም ይቅርታ ስትለኝ ከረምክ። እኔ ደብተር ደበቅኩ፣ አንተ ቃል ደበቅክ፤ ተካካስን። ድልድዩን ግን ዝናቡ ሳይመጣ አቁመው። ሲያልቅ «ቆሟል» ብለህ ብቻ ጻፍልኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም።

ደብተሯን መሳቢያ ውስጥ አልመለስኳትም። ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ዘንድ ናት። ያልደፈርኳቸውን አራት ገጾች ትናንት ጀመርኩ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 20። ዝናብ። ካልሲ አልደርቅ አለ። ምግብ አብሳዩ ዳቦውን አሳረረ፣ ቅርፊቱን ፍቀን በላን። አለቃ ገና አልመጣም።»

ሌላ ምንም የለበትም። ገልብጬም አየሁት፤ ምንም። እስከ ትናንት ሳለቅስ ግማሹ ለልጄ፣ ግማሹ ለስሙ ነበር። ትናንት ግን ለልጄ ብቻ አለቀስኩ፤ ካልሲው እርጥብ ለነበረው ለእሱ። ስጨርስ ራበኝ፣ በላሁ።

ሦስት ገጽ ቀርቶኛል። አልቸኩልም።

እናቱ